ጠርጥርና የማርያም ዘቢብ

ያን ሁዳዴ እንግዳው የሚባለውን ገበሬ ያደከመው ጾሙ አልነበረም፤ ማስረዳቱ ነበር። ጾሙንስ ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል። ለአንዱ ጎረቤት አስረድቶ አፉን ሳይዘጋ ሌላው ከበሩ ቆሞ «እኮ እንዴት ሆነ?» ሲለው ግን አንጀቱ ያርር ነበር። ነገሩ ደግሞ አገር የሚያነጋግር አልነበረም፤ ዘቢቡን ውሻው በላው፣ አለቀ። ይህችን አጭር ነገር ሽንፋ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ሁሉ አላምንም ብሎ ድርቅ አለ።

በርግጥ ዘቢቡ እንዲሁ ተራ ዘቢብ አልነበረም። ጣሊያን መተማ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ከሱዳን የሚገባው ዕቃ ሁሉ ኬላ ላይ እየተበረበረ ነው የሚያልፈው፤ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማርያም ደግሞ ዘቢብ አልቆባታል። ዘቢብ ተዘፍዝፎ ካልተጨመቀ ወይኑ ከየት ይመጣል? ወይኑ ከሌለስ ምን ቁርባን አለ? ሽማግሎቹ ከጥይቱም ከንዳዱም ይልቅ ሳይቆርቡ መሞትን ፈርተው ነበር። ስለዚህ ከየቤቱ ሰሊጥ ተዋጣ። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ሱቅ ያለውን ሷሊህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እንግዳው ነውና፣ ሰሊጡን አህያ ላይ ጭኖ በዘቢብ ለውጦ እንዲመጣ እሱ ተላከ። ለሆሳዕና ማድረስ ነበረበት።

እንግዳው ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎም የሚበርድ ገበሬ ነው። ወደ ገላባት ሲወርድ ውሻው ጠርጥር ከአህያው ኋላ ኋላ እያለ ተከተለው። ጠርጥር የልጁ የአገኘሁ ውሻ ነው። አገኘሁ አርማጭሆ በረሃ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ከተቀላቀለ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ሲሄድ ለአባቱ ትቶለት የሄደው ሌላ ምንም ሳይሆን ይህን ቡላ ውሻ ነው። ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይባል የለ? ዘመኑም የመጠርጠር ዘመን ነው ብሎ። «አባቴ፣ ጠርጥርን አደራ፤ እስክመለስ ጠብቅልኝ» ነበር ያለው። አደራ ደግሞ ከባድ ነው። እንግዳው ውሻ እንደማይወድ ለሰው ሁሉ እያወራ፣ ሰው በሌለበት ከገዛ ገበታው ቆርሶ ይጥልለት ነበር።

ሷሊህ ሰሊጡን ተቀብሎ ዘቢቡን በቆዳ ከረጢት አስሮ ሰጠው። ጠርጥር ከረጢቱን ሊያሸት አፍንጫውን ሲያስጠጋ ሷሊህ በእጁ ገፋ አደረገው።

«ይህን ነገር ከውሻህ አርቀው» አለ። «ወላሂ ይገድለዋል። ገዳሪፍ ያለው አጎቴ ሱቁን የሚጠብቅ ውሻ ነበረው። ዘቢብ በልቶ ሞተበት።»

እንግዳው ሳቀ። ሷሊህ ቀልደኛ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ የሚሳሳለትን ዕቃ ሁሉ መርዝ ነው ይላል። ሕፃን የሚመጠው፣ በሽተኛ የሚበረታበት ነገር ውሻ ይገድላል ቢሉት ማን ያምናል? እየሳቀ አህያውን ነዳ።

ኬላው ላይ ባንዳው ጭነቱን ሲበረብር የእንግዳው ላብ በጀርባው ይወርድ ነበር፤ ከረጢቱን የቀበረው ከስንቅ ዱቄቱ ሥር ነው። ባንዳው ዱቄቱን በዱላ ወጋ ወጋ አደረገና ሰልችቶት ትምባሆ ጠየቀው። ሰጠው። ባንዳው አንድ ቀልድ ጣል አደረገ፤ እንግዳውም ሳቀ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲቀልድ የማይስቅ ማን ነው? ክፋቱ፣ ከኋላው ደምለው በሬውን እየነዳ ይመጣ ነበርና ይህን ሳቅ አየ። ደምለው ጎረቤቱ ነው። በማሳ ድንበር ከተጣሉ ወዲህ እንግዳው ሲስቅ ባየ ቁጥር በሱ የተሳቀበት ይመስለዋል።

መንደር ሲደርስ የማርያም ቄስ፣ ቄስ አዛናው፣ የሉም፤ ለቀብር ወንዙን ተሻግረዋል። በዚያ ላይ ባንዶች ጠመንጃ ፍለጋ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው ተባለ። እንግዳው ከረጢቱን ይዞ ጓሮውን ዞረ። ጎተራ ውስጥ እንዳያስገባው መጀመሪያ የሚፈትሹት ጎተራ ነው። መሬት እንዳይቀብረው አዲስ የተቆፈረ አፈር ጠመንጃ ነው ብለው ይቆፍሩታል። በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣለት፤ ያን ብልሃት በኋላ ስንት ጊዜ ረግሞታል። ከቤቱ ጀርባ ጠርጥር የሚተኛበት የማሽላ አገዳ ክምር አለ። ጠርጥር አምና የአንድ ባንዳ ባት ስለዘነጠለ ወደዚያ ክምር ጠጋ የሚል ደፋር የለም። ከረጢቱን ከአገዳው ሥር ሸጎጠና ውሻውን «ጠብቅ» አለው።

ውሻ ዘቢብ ይበላል ብሎ ያሰበ በዚያ አገር አልነበረም። ለሰውም ያልበቃ ዘቢብ ውሻ ሲበላው ማን አይቶ? ደግሞም እንግዳው አንድ ነገር ረስቷል። በጾመኛ ቤት ውሻውም ጾመኛ ነው። ከቅበላ ወዲህ በጠርጥር አፍ አጥንት አልዞረም፤ የሚጣልለት የደረቀ የማሽላ እንጀራ ነው፣ እሱም ሲተርፍ። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር።

ባንዶቹ መጡ፣ ቤቱን ገለባበጡ፣ ጠርጥር ጥርሱን ሲያሳያቸው ክምሩን በሩቁ አልፈውት ሄዱ። እንግዳው በብልሃቱ ኮርቶ ለሚስቱ ለካሰች ሁለት ጊዜ አወራላት። ሲነጋ ሄዶ ቢያይ ከረጢቱ ተዘንጥሏል፤ ውስጡ የቀረው ጭብጥ ቢሞላ ነው። ጠርጥር ከክምሩ ራቅ ብሎ ያስመልሳል። ያበጡት ዘቢቦች ከነአረፋቸው መሬት ላይ ተዘርግፈዋል። እንግዳው ምስክር እንድትሆነው ካሰችን ሊጠራ ዞር ሲል ዶሮዎቹ ደረሱ። ካሰች መጥታ ያየችው የተቀደደ ከረጢትና አፋቸውን መሬት ላይ የሚጠርጉ ዶሮዎችን ነው።

ጠርጥር ለቀናት እህል አልቀምስ አለ፤ ውኃ ብቻ ይልሳል። ከአገዳው ሥር ተጋድሞ እንግዳው ሲመጣ ጅራቱን አንድ ጊዜ ያነሣና ይጥላታል። ያኔ ነው የሷሊህ ነገር ለእንግዳው ትዝ ያለው። ቀልድ እንዳልነበረ ገባው። ውሻው ቀስ በቀስ አገግሞ ሲነሣ፣ የተረፈው ያን ሁሉ ስላስመለሰው እንደሆነ ገመተ። የቀረችውን ዘቢብ ካሰች በቅል አድርጋ ከምሰሶው ላይ ሰቀለቻት። ውሻ አፉን ያገባበት ነገር ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም፤ ዘቢብ ለመድፋት ደግሞ እጇ አልታዘዝ አላት።

ለቄስ አዛናው ሄዶ የነገራቸው ራሱ እንግዳው ነው። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙት።

«ውሻ?» አሉ በመጨረሻ።

«ውሻ ነው፣ አባቴ።»

«ዘቢብ?»

«ዘቢብ።»

ቄስ አዛናው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ፊታቸው ላይ ያየው ነገር እንግዳውን እስከ ቤቱ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ነገሩ እግር አወጣ። ጠዋት «እንግዳው ዘቢቡን ጣለው» ሲባል የነበረው፣ ለምሳ «እንግዳው ዘቢቡን ሸጠው» ሆነ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ «ጣሊያን ወይን ጠማቂ አይደለም እንዴ? ዘቢቡን ለማን ይሸጠዋል ታዲያ?» ተባለ። የኬላው ሳቅ ከደምለው አፍ ወጥቶ መንደሩን ዞረ። በዚያ ዘመን ደግሞ አንድን ሰው ባንዳ ነው ማለት ሌባ ነው እንደማለት አይደለም። ሌባ ይታሰራል። የባንዳ ቤት ይቃጠላል፤ ልጁም በረሃ ሆኖ ከጓዶቹ መካከል አንገቱን ይደፋል፣ ወይ ደግሞ አምኖት ከፊቱ የሚሄድ ጓድ ያጣል።

እንግዳውን እንቅልፍ የነሣው ይኸኛው ነው። ቤቱን ቢያቃጥሉት ሌላ ይሠራል። አገኘሁ ግን «አባትህ ባንዳ ነው» የሚል ወሬ በሰው ፊት ቢሰማ ምን ይሆናል?

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ሽማግሎቹ ከወንዙ አጠገብ ካለው ኩመር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ቄስ አዛናው መሐል ናቸው። ዳር ላይ አንድ ጠመንጃውን በጋቢው የሸፈነ ሰው ተቀምጧል፤ ከበረሃ የመጣ መልእክተኛ ነው። ስንቅ ሊወስድ መጥቶ ይህ ነገር ደረሰበት፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ የሰማውን ይዞ ነው የሚመለሰው። እንግዳው ገና ሲቀመጥ ያየው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ የተናገረው ለሱ ነበር።

መጀመሪያ የሆነውን ተናገረ። ሰሙት። ዶሮዎቹ ጋ ሲደርስ ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። እምላለሁ አለ። ቄስ አዛናው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሁዳዴ ማንንም አያስምሉም። ካሰች ትመስክር አለ። ሚስት ለባሏ አትመሰክርም ተባለ። እንግዲያው ሷሊህ ይጠራ፣ ዘቢብና ውሻ እሱ ያውቃል አለ። ጣሊያን ኬላውን ከዘጋ ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ማን ሄዶ ይጠራዋል ተባለ። ኬላው እስኪከፈት እንጠብቅ ቢል፣ መልእክተኛው ፀሐዩን ቀና ብሎ አየ። እንግዳው የገዛ ቤቱ በር ሁሉ ከውጭ የተቀረቀረበት መሰለው።

ደምለው ተነሣ። መናገር ይችልበታል፤ ይህንን ጠላቱም አይክደውም።

«ውሻ ሥጋ ይበላል» አለ። «አጥንት ይበላል። ሲቸግረው ደረቅ እንጀራም ይበላል። ውሻ ዘቢብ በላ ሲባል የሰማ አለ እዚህ? እኔ እንግዳውን ሐሰተኛ አላልኩም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ዘቢብ የቀረው አለ አይደል? ውሻውም በሕይወት አለ። ያምጣውና እፊታችን ያብላው። ከበላ እኔ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሽማግሎቹ ደስ አላቸው። በዚያ ሁሉ ሙግት መካከል እንዲህ ያለ በዓይን የሚታይ ነገር ማን ያገኛል? ቄስ አዛናው እንኳ ፊታቸው ፈታ አለ።

«አይሆንም» አለ እንግዳው።

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ያመዋል» አለ ቀጥሎ። «ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው። ባለፈው ያተረፈው ስላስመለሰው ነው። ሁለተኛ ከበላ ይሞትብኛል።»

ሳቁ ከዛፉ ሥር ወፎቹን አስነሣ። እንግዳው ደጋግሞ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሐሰት እየመሰለ ሄደ፣ እሱም ይህንን ያውቀዋል፣ ግን ዝቅ ማድረግ አልቻለም። አንዱ ሽማግሌ ወባ ጥሏቸው የተነሡት በዘቢብ ውኃ መሆኑን አስታወሱ። ቄስ አዛናው በለዘበ ቃል፣ ለሥጋ ወደሙ የተመረጠ ፍሬ እንዴት መርዝ ይባላል ብለው ገሠጹት። ደምለው ምንም መጨመር አላስፈለገውም። ሰው ስሙን ማዳን ሲችል ለውሻ ሲሳሳ ታይቶ ያውቃል? ለልጁ አይደለም፣ ለበሬው አይደለም፣ ለውሻ። የውሻ ደም ደመ ከልብ ነው።

እንግዳው የልጄ አደራ ነው ማለት ፈለገ። ነገር ግን ይህን ቢል ደግሞ ሌላ ሳቅ ሊነሣ ነው። መልእክተኛው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘነለት ይመስል ነበር።

«ጋሼ እንግዳው፣ ለአገኘሁ ምን ብዬ ልንገረው?»

እንግዳው ተነሥቶ ቆመ። ካሰችን ቅሏን አምጪ አላት። ካሰች አየችውና ሄደች። ስትመለስ ጠርጥር ከኋላዋ ነበር፤ ሰው የተሰበሰበበትን ነገር ይወዳል።

እንግዳው ሁለት ሦስት ፍሬ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለ። ያ ይበቃል ብሎ ነበር። ጠርጥር ቀርቦ አሸተተ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈና አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ያመመውን ነገር አልረሳም።

«ይኸው!» አለ ደምለው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም አንድ ላይ ይናገር ጀመር። መልእክተኛው ጋቢውን አስተካክሎ መታጠቅ ያዘ። እንግዳው የሰማው ነገር የለም፤ የታየው ያ መታጠቅ ብቻ ነው።

ተንበረከከ። ቅሉን በመዳፉ ላይ ገለበጠና ጭብጡን ሙሉ ዘቢብ ለውሻው ዘረጋለት። «ና» አለው። ጠርጥር መጣ። ዘቢቡን አላየውም፤ ያየው የእንግዳውን ዓይን ነው። «ብላ» አለው እንግዳው። ውሻው ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ከትቶ ቆመ። «ብላ እንጂ፣ ጠርጥር፣ ብላ» ሲለው ድምፁ ተሰበረ፤ ይህን ማንም አላስተዋለም። ጠርጥር አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከመዳፉ ላይ መብላት ጀመረ። ቀስ እያለ፣ እንደ ታዘዘ፣ አንድ ፍሬ ሳያስቀር በላው። ሲጨርስ መዳፉን ላሰለት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ደስታ ነው። ደምለው ቃሉን አላጠፈም፤ ከነድንበሩ ጠብ ይቅር በለኝ ብሎ ጉልበቱን ሳመ፣ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። ሽማግሎቹ መረቁት። ውሻ ዘቢብ ሲበላ ማየት ምን ያህል ሳቅ እንደሆነ አንዱ ለሌላው ይነግር ጀመር። መልእክተኛው ሲሰናበተው ትከሻውን ይዞ ለአገኘሁ ሁሉን እነግረዋለሁ፣ ውሻውን እንኳ ሳይቀር አለው። እንግዳው አመሰገነ። አፉ እያመሰገነ እግሩ ወደ ቤት ይሮጥ ነበር።

ቤት እንደደረሰ ጨው በለብታ ውኃ በጥብጦ በውሻው ጉሮሮ አፈሰሰ። ካሰች መንጋጋውን ከፍታ ያዘችለት። ጠርጥር ታገሣቸው እንጂ አላስመለሰም። ደግሞ አፈሰሰ። አላስመለሰም። ያኔ ማንም ሳይነካው ያስመለሰ ውሻ አሁን ዘቢቡን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይመለከተዋል። እንግዳው ጣሳውን ወርውሮ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ካሰች አንሥታ አጠበችው።

ጠርጥር በማግስቱ እህል ተወ። ውኃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ጣሳውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ መጠጣቱንም ተወ። እግሩን አንሥቶ ከክምሩ ጥግ ይቆማል፣ የሚወጣው ነገር የለም። ትንፋሹ ሌላ ሽታ አመጣ። ሆሳዕና ዋለ፤ መንደሩ ዘንባባ በግንባሩ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንግዳው አገዳው ሥር ተቀምጦ ዝንብ ይከላከልለት ነበር። የሚያልፉት ሁሉ ቆም እያሉ ሰላምታ ይሰጡታል፤ ስሙ ጸድቷልና አሁን ሁሉም ወዳጁ ነው። ውሻው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሰኞ ሷሊህ መጣ። ኬላው እንደተከፈተ ነው የተሻገረው። መተማ ገበያ ላይ የዘቢቡን ወሬ ሰምቶ ለቤተ ክርስቲያኑ ስጦታ ይሁን ብሎ ሌላ ዘቢብ በጀለቢያው ሥር ደብቆ አምጥቷል። እንግዳው ከረጢቱን አይቶ ውሻውን አየና መሳቅም ማልቀስም ቃጣው። ሷሊህ ከአገዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ የጠርጥርን ከንፈር ገልጦ ሆዱን ዳሰሰ።

«መድኃኒት የለውም?» አለ እንግዳው።

«የአጎቴንም እንዲህ ነው ያደረገው» አለ ሷሊህ።

እንግዳው ያን ጊዜ ገነፈለ። ለምን አጥብቀህ አልነገርከኝም፣ ለምን እንደ ቀልድ ነገርከኝ፣ ቁም ነገር እንዲህ ነው ወይ የሚነገረው እያለ የልቡን ሁሉ በሷሊህ ላይ አወረደው። ሷሊህ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«እኔ አልቀለድኩም፣ እንግዳው» አለ። «የሳቅኸው አንተ ነህ።» ደግሞም፣ «ሦስት ቀን ብትጠብቁኝ ምን ነበረበት? የአጎቴ ውሻ ዘቢብ እንደበላ እኔ እመሰክርልህ አልነበር?» አለው።

ሦስት ቀን ነው። ሁሉም እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ እዚያው ወንዝ ዳር እየኖሩ፣ የሚሄዱበት ሳይኖራቸው ሦስት ቀን መጠበቅ አቅቷቸዋል። እሱም አቅቶታል። እንግዳውን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኸ ነው፤ የሚሰድበው ሰው ሲፈልግ መጨረሻ ላይ ራሱን ያገኛል።

ጠርጥር በሰሙነ ሕማማቱ መካከል በቀትር ሞተ። እንግዳው ከክምሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ውሻ መቅበር በዚያ አገር ልማድ አይደለም፤ ከመንደር አውጥቶ ለጅብ መጣል ነው ልማዱ። ደምለው በዚያ ሲያልፍ አይቶት ቆመና ማጽናናት መሰለው። የቤተ ክርስቲያን ነገር በልቶ እንዴት ይድናል ወንድሜ፣ መቅሠፍት ነው አለው። ያብላው ብሎ የፈረደው ራሱ ደምለው ነው። እንግዳው አካፋውን ይዞ ቀና አለና አፉን ከፈተ። መቅሠፍት ቢሆን የሷሊህ አጎት ውሻ የማንን ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ በላ ሊለው ነበር። ከዚያ ደምለው «እኮ እንዴት?» እንደሚለው ታወቀው። አፉን ዘግቶ አፈሩን መለሰ።

የፋሲካ ቅዳሴ በሷሊህ ዘቢብ ተቀደሰ፤ ሽማግሎቹ ቆረቡ። ቄስ አዛናው ከቅዳሴ በኋላ እንግዳውን በሰው ሁሉ ፊት ጠርተው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው አመሰገኑት። እንግዳው እጅ ነሣ። እያደር ከጠራ ለምን አላደራችሁም የሚለውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ከወንዙ በኩል ፉጨት ተሰማ። እንግዳው አጥር እያጠረ ነበር፤ እጁ ላይ ያለው እሾህ ወደቀ። ያን ፉጨት ያውቀዋል። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም፤ አገኘሁ ከሩቅ ሲመጣ ጠርጥርን የሚጠራበት ነው። ፉጨቱ ቆም አለና ደግሞ ተሰማ። ደግሞ ቆመ። ከአገዳ ክምሩ በኩል የተነሣ ነገር አልነበረም።

አገኘሁ ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ጠቁሮና ከስቶ፣ ግን እየሳቀ መጣ። አባቱን አቅፎ ሳመው፣ እናቱን ካሰችን ብድግ አድርጎ ሳማት። ከአለቃው አንድ ቀን ለምኖ ነው የመጣው። መልእክተኛው ያንን ሁሉ ከነገራቸው ወዲህ በሰፈራቸው ሌላ ወሬ እንደሌለ፣ ጠርጥር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ዘቢብ በልቶ የአባቱን ስም እንዳዳነ ለሰው ሳይተርክ የዋለበት ቀን እንደሌለ እያወራ ነበር። ከኮሮጆው አንድ ነገር አወጣ። የጣሊያን መኮንን ቀበቶ ነው፤ ቆርጦ፣ በስቶ፣ ዘለበቱን አሳጥሮ የውሻ አንገት ማሰሪያ አድርጎታል። ቆዳውን በቅቤ አሽቶት ያብለጨልጫል።

«ይኸውልህ፣ ለጀግናው» አለ። «የት ሄዶ ነው? ስጠራው አልመጣም።»

ካሰች ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዳው ያን ሁሉ ሰሞን ለማይሰማው ሁሉ ሲያስረዳ ከርሟል፤ ዛሬ የሚሰማው ሰው እፊቱ ቆሟል፣ እሱ ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ስለ ኬላው፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ ደምለው ንግግር፣ ስለ ሷሊህ ሦስት ቀን ማለት ይቻል ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ለልጁ ምክንያት ይሆናል።

«አልበላም ብሎ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ብላ ያልኩት። ከእጄ ነው የበላው።»

አገኘሁ አባቱን አየ፤ ከዚያ ወደ አገዳው ክምር፣ ከዚያም ከሥሩ ወዳለው አዲስ አፈር አየ። ማሰሪያውን ጠቅልሎ ወደ ኮሮጆው መለሰውና አባቱ የጣለውን እሾህ አንሥቶ አጥሩን ማጠር ጀመረ።